«ፈርመሃል፣ አለቀ» ላለው ብሮከር፦ ላይሰንስ ለኛ ምን ይሠራል?

ጋርላንድ ነኝ፦ ትናንት አንድ የኢንሹራንስ ብሮከር ወንድማችን በላይቭ ለትራክ ሹፌሮች ምን አለ መሰላችሁ? «የኢንሹራንስ ፕሪሚየም (የዓመቱን ክፍያ) የሚያበድርህ ኩባንያ ላይሰንስ ኖረው አልኖረው ላንተ ለውጥ የለውም። ፈርመሃል፣ አለቀ።» ቴክሳስ ውስጥ ይህ ሥራ ያለ ላይሰንስ አይሠራም። ብሮከር ሆኖ ይህን አያውቅም?

ባለ ቮልቮው፦ ምን አጠፋ ሰውየው? የዓመቱን በአንዴ ክፈሉ ብንባል ስንቶቻችን መኪና እናንቀሳቅስ ነበር? ላይሰንስ ባጠበቁ ቁጥር ትንንሾቹ ይወጣሉ፣ ወለዱ እኛ ላይ ይመጣል።

ጋርላንድ ነኝ፦ ወለዱን ተወው። ስትፈርም የሰጠኸው ውክልና ነው። ክፍያ ካለፈህ በስምህ ኢንሹራንስህን ካንስል ያደርጋሉ። ያልተሠራበት ቀሪ ፕሪሚየም እንኳ መጀመሪያ የሚሄደው ለነሱ ነው። ይህን ሥልጣን ማንም መንገደኛ ይያዘው?

ሸዋዬ፦ ዕቁብ ግቡና ካሽ ክፈሉ። የዕቁብ ዳኛ ካንስል አያደርግባችሁም 😂

ባለ ቮልቮው፦ ዕጣው እስኪወጣልሽ ኢንሹራንሱ ይጠብቅሻል?

የጎንደሯ፦ እኔ ላይ ደርሷል። ላሬዶ ጭነት ላይ ነበርኩ። ማስጠንቀቂያው ቤት በፖስታ መጥቶ ተቀምጧል። ሕጉ 10 ቀን ይሰጣል፤ የሚቆጠረው ግን ከተላከበት ቀን ነው፣ እኔ ፖስታውን ከከፈትኩበት አይደለም። ስመለስ ካንስል ሆኗል። ከስቴት ስቴት ለምንጭን ሰዎች ደግሞ ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ሽፋን ከሌለ ኦቶሪቲ (የፌዴራል የጭነት ሥራ ፈቃድ) የለም። «አለቀ» የሚለው ይሄን ከሆነ፣ አዎ አልቋል።

ባለ ቮልቮው፦ ይቅርታ እህቴ፣ ግን ያ ኩባንያ ላይሰንስ ነበረው አይደል? ታዲያ ላይሰንሱ ምን አደረገልሽ?

የጎንደሯ፦ ነበረው። ለዚህም ነው ለስቴቱ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤት ያልኩት። ባይኖረው የት ሄጄ ነበር የምጮኸው? አንተ ጋ?

ባለ ቮልቮው፦ ባንክ እኮ ከዚህ ላይሰንስ ነፃ ነው። እሱ ሲሆን እንዴት ታመነ?

ጋርላንድ ነኝ፦ ባንክ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፣ ጌታው።

የቦሌ ልጅ፦ አገር ቤት አረቦን ካልከፈልክ ሽፋን የለም። ቁርጡን ታውቃለህ። እዚያ ሁሉ ነገር ብድር።

ሸዋዬ፦ አንተ ደግሞ ከየት መጣህ? እዚህ ስለ ቴክሳስ ነው የሚወራው።

የቦሌ ልጅ፦ ግሩፑ የሐበሻ ነው ብዬ ነዋ። ካስፈለገ ልውጣ።

ሸዋዬ፦ ማን ውጣ አለህ?

ጋርላንድ ነኝ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሰው ከመፈረሙ በፊት የኩባንያውን ስም መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይፈልግ። ብሮከሩም ይህን ነበር መናገር ያለበት።

ባለ ቮልቮው፦ ብሮከሩን አትንካው። ማንም ኢንሹራንስ አልሰጥም ሲለኝ ያስገባኝ እሱ ነው።

ጋርላንድ ነኝ፦ ዘመድህ ነው እንዴ?

ባለ ቮልቮው፦ ቢሆንስ?