አየርላንድ፦ ልጁ በራግቢ ፕሮፕ ነው፤ እንጀራ ይሆነዋል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። ጥያቄው ደብሊን ከሚኖር ቤተሰብ የመጣ ነው። ልጃቸው 16 ዓመቱ ነው፤ 104 ኪሎ ይመዝናል፤ ለሰፈሩ ክለብ በፕሮፕነት (ከፊት መስመሩ ሦስት ገፊዎች ዳርና ዳር ከሚቆሙት አንዱ ሆኖ) ይጫወታል። አሠልጣኙ «ሌንስተር ይየው» ብሏል። የግድ ውድ ትምህርት ቤት መግባት አለበት? ዩኒቨርሲቲስ ይቀራል? ጾሙስ እንዴት ይሆናል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ከደብሊን፦ በደሴቲቱ ላይ ተጫዋች በሙሉ ጊዜ የሚቀጥሩት አራቱ የክፍለ አገር ቡድኖች ናቸው፤ ሌንስተር፣ መንስተር፣ አልስተርና ኮናክት። የሰፈር ክለብ ስም ይሰጣል እንጂ ቀለብ አይሰጥም። ሌንስተር በተለይ ከግል ትምህርት ቤቶች ብዙ ተጫዋች ይወስዳል። የትምህርት ቤቶች ዋንጫ ጥር ላይ ጀምሮ መጋቢት ላይ ያልቃል፤ መልማዮችም እዚያ ይሰበሰባሉ። የክለብ ልጆችም ከ18 ዓመት በታች የክለቦች ምርጥ የሚባል የራሳቸው በር አላቸው። ታይግ ፈርሎንግ የወጣው ከዌክስፎርድ ገጠር፣ ከኒው ሮስ ክለብ ነው። የሁለቱ አገሮች ምርጦች ለሚሰባሰቡበት ቡድን፣ ለብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ፣ ሦስት ጊዜ፣ በ2017፣ በ2021 እና በ2025፣ ተጉዟል። ስለዚህ ለራግቢ ብቻ ብሎ የትምህርት ቤት ክፍያ ውስጥ መግባት አይመከርም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የተመረጠ ልጅ መጀመሪያ ንዑስ አካዳሚ ይገባል፤ ቀጥሎ አካዳሚ አለ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ የዕድገት ውል፣ ከዚያ የዋናው ቡድን ውል ይመጣል። በየደረጃው የሚቀነሰው ከሚያልፈው ይበልጣል። በአካዳሚ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ለክለብ በመላው አየርላንድ ሊግ ይጫወታል፤ በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ አይቀርም፤ አካዳሚው ራሱ ልጁ እንዲማር ይፈልጋል። አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ከፋፍሎ መጨረስ የተለመደ ነው። የሌንስተሩ ጆ መካርቲ ለትሪኒቲ ኮሌጅ ክለብ እየተጫወተ ነው ያደገው። በኅዳር 2022፣ በ21 ዓመቱ፣ ለአየርላንድ ተሰለፈ፤ በ2024 መጀመሪያ ማርሴይ ላይ ፈረንሳይን 38 ለ 17 ሲያሸንፉም የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር።

ከሊምሪክ፦ የመካርቲን ፍጥነት እንደ መለኪያ አትውሰዱት፤ እሱ ሎክ (ከፊት መስመሩ ኋላ ሆኖ የሚገፋ) ነው፣ የእናንተ ልጅ ፕሮፕ ነው። ከ19 ዓመት በታች ስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት) ውስጥ ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት ደንቡ ይከለክላል። ስለዚህ ወጣት ፕሮፕ እውነተኛውን ግፊት የሚያገኘው ከትልልቆቹ ጋር ሲሰለፍ ነው፤ በወጣቶች ጨዋታ ሁሉንም ሲጥል የነበረ ልጅ አዋቂ ፊት ይታጠፋል። ይህ የብቃት ማነስ አይደለም። ከሁለቱ ፕሮፖች በተለይ 3 ቁጥሩ በሁለት ተቃራኒ ሰው መካከል ገብቶ በሁለቱም ትከሻ ይገፋል፤ 1 ቁጥሩ አንድ ትከሻው ነጻ ነው። አንገትና ወገብ ለዚያ እስኪጠነክር ዓመታት ይፈልጋል። ልጁ 20 ዓመት ሳይሞላው ክብደት ለመጨመር ብቻ የሚበላ ከሆነ ጉልበቱን ይጎዳል እንጂ ስክረሙን አያተርፍም።

ደግሞ የፊት መስመር ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ከ23 ተሰላፊዎች ስድስቱ የፊት መስመር መሆን አለባቸው። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ተቀናሽ የተባለም ይመለሳል። ሎኩ ታይግ ቢርን ከሌንስተር ተሰናብቶ ወደ ዌልስ፣ ወደ ስካርሌትስ ሄደ፤ ለአየርላንድ መጀመሪያ የተሰለፈው በ2018፣ በ26 ዓመቱ ነው።

ከኮርክ፦ ከሁሉ በፊት ወረቀቱን አስተካክሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ልጅ የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ቤልፋስት ሄዶ ለመጫወት የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ድንበሩ ላይ ጠያቂ ባይኖርም ሕጉ አለ። የክፍለ አገር ቡድኖቹ የሚጫወቱበት ሊግ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ጣሊያንና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ስለሚወስድ የአንድ ወቅት ቪዛ ብቻ ራስ ያዞራል። ወላጅ ዜግነት ካገኘ ለልጁ 18 ሳይሞላው ያመልክት፤ ካለፈ በኋላ በራሱ ማመልከት ይኖርበታል። ብሔራዊ ቡድን ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም። በዓለም ራግቢ ደንብ 8 መሠረት ራሱ፣ ወላጁ ወይም አያቱ አገሩ ውስጥ የተወለዱ መሆን አለባቸው። ያ ከሌለ 60 ተከታታይ ወራት በዚያ አገር ማኅበር ወይም ክለብ ብቻ የተመዘገበ፣ ወይም በድምሩ 10 ዓመት እዚያ የኖረ መሆን አለበት። ማስረጃውን፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና የክለብ ምዝገባ፣ ከአሁኑ ሰብስቡ።

ከደብሊን 15፦ ስለ ጾሙ። ዐቢይ ጾም ከዋንጫው ወራት ጋር ይገጥማል። ለዚህ ዓይነት ስፖርተኛ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይነገራል፤ ለ104 ኪሎ ወደ 166 ግራም ማለት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ነው ያለው፤ በምስር ወጥ ብቻ ልሙላ ካለ ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ነው! አኩሪ አተር፣ ቶፉ፣ ለውዝና ሽሮ በአምስት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢበላ ይቀርባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ መለማመድ ግን አይሆንም፤ የንስሐ አባቱን ያማክር። የዱቄት ማሟያ ከ18 በታች ላለ ልጅ የአየርላንድ ራግቢ ማኅበርም አይመክርም። በአበረታች መድኃኒት ምርመራ የተከለከለ ነገር ከተገኘበት «ሳላውቅ ነው» ማለት ጥፋቱን አያስቀርም።

ከሊምሪክ፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ ከተናወጠ (ኮንከሽን) 23 ቀን ሳይሞላ ወደ ግጥሚያ አይመለስም፤ ለአዋቂ አማተር 21 ነው። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁ አትስሙት። ቁጥሩን ያሳጠረ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ክለብ ቀይሩ።

ከኮርክ፦ አንድ የረሳሁት። ሙያተኛ ከሆነ የደመወዝ ወረቀቱን በየዓመቱ ያስቀምጥ። አየርላንድ እያለ ጡረታ ከወጣ፣ ከመጨረሻዎቹ 15 ዓመታት በመረጣቸው እስከ 10 ዓመታት ላይ፣ በመጫወት ካገኘው ገቢ 40 በመቶው ከግብር ስሌት ወጥቶ በዚያ ላይ የከፈለው ግብር ይመለስለታል። የማስታወቂያ ገንዘብ አይቆጠርም። ውል ከመፈረሙ በፊትም ጠበቃ ያንብበው፤ የተጫዋቾች ማኅበር፣ ራግቢ ፕሌየርስ አየርላንድ፣ ጋም ይደውል።