ለማይክሮግሊያ ጥናት የቱ ሴል ላይን ይሻላል?

በማይክሮግሊያ፣ ማለትም በአንጎል የበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ሥራ ልትጀምሩ ነው? በጀታችሁ የሚችለው አንድ ሴል ላይን፣ ማለትም ላብ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚራባ የሴል ዘር፣ ብቻ ከሆነ ቢቪ-2ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን፣ ፔሩጃ ውስጥ ከአይጥ ግልገል አንጎል የወጣ ነው። ቶሎ ይራባል። ኤልፒኤስ የተባለውን የባክቴሪያ ሽፋን ንጥረ ነገር ስትሰጡት ናይትሪክ ኦክሳይድ በደንብ ያመነጫል። በማግስቱ ካደገበት ሚዲያ ትንሽ ቀድታችሁ ናይትሪክ ኦክሳይድ መመረቱን በቀለም የሚያሳየውን ግሪስ ሪኤጀንት ስትጨምሩበት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሐምራዊ ይቀየራል። ውድ ኪት አያስፈልግም፤ የቀለሙን ድምቀት የሚለካ ተራ ፕሌት ሪደር ይበቃል። ሴሎቹ ከፊሉ ፍላስኩ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከፊሉ ይንሳፈፋሉ። ተንሳፋፊዎቹን የሞቱ መስሏችሁ አትድፏቸው። ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ መልሷቸው።

የግድ የሰው ሴል ያስፈልገናል ካላችሁ ኤችኤምሲ-3 አለ። ኤቲሲሲ የተባለው የአሜሪካ ሴል ባንክ በሲአርኤል-3304 ቁጥር ይሸጠዋል። ኢንተርፌሮን-ጋማና ኢንተርሉኪን-6 የተባሉትን የበሽታ መከላከያ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ለሚመለከቱ ጥያቄዎች ደህና ነው። ለናይትሪክ ኦክሳይድ ግን አልመክረውም።

ቢቪ-2 ሳያቋርጥ እንዲራባ በቫይረስ አማካይነት የካንሰር ጂኖች ገብተውበታል። ይህ ውጤታችሁን እንዳያዛባ ከሰጋችሁ ሲም-ኤ9ን እዩት። እሱም የአይጥ ነው፤ ግን የማይቆም መራባቱን ያገኘው በራሱ ነው። ከላም ጽንስ ሴረም በተጨማሪ የፈረስ ሴረም ይፈልጋል፤ ወጪውን ቀድማችሁ አስሉ።

ከጎረቤት ላብ በነጻ የሚመጣ የሴል ቫያል (ትንሽ ብልቃጥ) ያሳስበኛል። ሲኤችኤምኢ-5 ለዓመታት የሰው ማይክሮግሊያ ተብሎ ሲሠራበት ኖሮ፣ ሲመረመር የአይጠ መጎጥ ሴል ሆኖ ተገኘ። የስንቱ ተማሪ ድካም እዚያ ውስጥ አለ! ከታወቀ የሴል ባንክ ግዙ፤ ቢቪ-2 ጄኖቫ በሚገኘው ባንክ አለ። በስጦታ ካገኛችሁትም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ኤስቲአር (የሴሉን ማንነት በዲኤንኤ የሚያረጋግጥ ምርመራ) አሠሩ፤ ማይኮፕላዝማ የተባለው ሴል የሚበክል ባክቴሪያ እንደሌለበትም አስመርምሩ።

ሌላው፣ ማይክሮግሊያ ከአንጎል ሲወጣ መለያዎቹን ያጣል። ቲኤምኢኤም119 እና ፒ2አርዋይ12 የሚባሉትን ቢቪ-2 ላይ ብትፈልጉ እምብዛም አታገኟቸውም። ጥያቄያችሁ እነሱን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአልዛይመር ጂን የምታጠኑ ከሆነ፣ ከአይፒኤስ ስቴም ሴል፣ ማለትም ተራ የሰው ሴል ወደ ግንድ ሴልነት ተመልሶ ከሚገኘው፣ የተሠራ የሰው ማይክሮግሊያ ይሻላል። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ እንደ ሴል ላይንም እያራባችሁ አትጠቀሙበትም። ስለዚህ መድኃኒቶቻችሁንና መጠኖቻቸውን በቢቪ-2 አጣሩ፤ የተረፉትን ሁለት ሦስት ብቻ ወደ አይፒኤሱ ውሰዱ።