ልጄ ክፍል ውስጥ ጓደኛ የለውም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው። ያወራል፣ ትምህርቱም ደህና ነው፣ ችግሩ ከልጆች ጋር ነው። አይጠሉትም ግን በርዝደይ የሚጠራው የለም። ሰሞኑን አስተማሪው በሪሴስ (በእረፍት) ሰዓት የግቢውን አጥር አጥሩን ይዞ ብቻውን ሲዞር ነው የሚያልቅበት ብላ ነገረችኝ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቤተክርስቲያን ስወስደው ደግሞ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ "ስድ አድርጋ አሳደገችው" ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

*

አይዞሽ የኔ እህት። የኔ ልጅ አሁን 11 ሞላው፣ እኛም ያንቺን መንገድ ነው የመጣነው። 8ኛ ዓመቱን ያከበርን ጊዜ ጓደኛ ያገኛል ብዬ አዳራሽ ተከራይቼ ክላሱን በሙሉ ጠራሁ፣ ሙዚቃው፣ ዘመዱ፣ ፊኛው፣ ልጄ ግን ኬኩ እስኪቆረስ ጠረጴዛ ስር ተቀምጦ ጆሮውን እንደያዘ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብዙ ልጅ ስለሰበሰብኩለት ጓደኛ አይሆኑትም፣ አንድ ልጅ ነው የሚበቃው፣ አብረው የሚሰሩት አንድ ነገር ካለ።

የኔ ልጅ ፍቅሩ ሜትሮ፣ የከተማው ባቡር ነው። አስተማሪውን ከሱ ጋር ስለ ባቡር የሚያወራ ልጅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ አንድ አለ አለችኝና ለእናቱ ወረቀት ላከችልኝ። ስንደዋወል ምንም አልደበቅኩም፣ ልጄ ኦቲዝም አለው፣ ጫጫታ ይከብደዋል፣ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሬድ ላይን የሚባለውን የሜትሮ መስመር እንሳፈር ወይ አልኳት፣ ደስ እያላት መጣች። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ግሌንሞንት ሶስት ጣቢያ ነው። ፎረስት ግሌን ላይ ወረድን፣ ጣቢያው 60 ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ስለሆነ የሚወጣው በሊፍት ብቻ ነው፣ ልጄ ይሄን ሁሉ አስረዳው። ዊተን ላይ ደግሞ 70 ሜትር የሚረዝመውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲያሳየው ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። አይን ለአይን አልተያዩም፣ ሁለቱም ሃዲዱን ነበር የሚያዩት፣ ግን ሲለያዩ ልጁ "ቅዳሜ ደግሞ እንምጣ?" አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ገና ደስ እያላቸው በጊዜ መለያየት ነው፣ ልጅሽ እስኪደክመው አትጠብቂ።

ሌላው፣ ዴሚያን ሚልተን የሚባል እሱ ራሱ ኦቲስቲክ የሆነ ተመራማሪ በ2012 የጻፈው ነገር አለ፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፣ እኛም እነሱን አንረዳም ነው የሚለው። እኔ ሁሌ የልጄን ጉድለት ብቻ ነበር የማየው። ስለዚህ አስተማሪዋን ለክላሱ እንድታስረዳ ጠየቅኳት፦ ጆሮውን ሲይዝ ተቆጥቶባችሁ አይደለም፣ ቶሎ ካልመለሰ ጠብቁት፣ አብራችሁት ስትሆኑ አንድ በአንድ አውሩ። ልጆች ከነገሯቸው ይገባቸዋል፣ የሚያስቸግረው ትልቁ ሰው ነው።

አይ ኢ ፒው (ትምህርት ቤቱ ለልጅሽ ለብቻው የሚያወጣለት የትምህርት እቅድ) ላይ ደግሞ ንባብና ሂሳብ ብቻ አይጻፍ፣ ከልጆች ጋር መጫወትም እንደ ግብ ይገባል። ምሳና ሪሴስን ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲካፈል ፌደራል ህጉም ይደግፍሻል። የእቅዱን ስብሰባ ባሻሽ ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ፣ አስተርጓሚ የሚያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ትልቅ ልጅ ካለሽ እሱን አታስተርጉሚ፣ አንዳንዱ ነገር ለልጅ ጆሮ አይደለም። ረዳት ከተመደበለትም ትንሽ ራቅ እንድትል ጠይቂ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተጣብቆ ከቆመ ልጅ አይጠጋውም።

*

እኔ 23 ዓመቴ ነው፣ ኦቲስቲክ ነኝ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት። እማማ አይቆጡኝና፣ አጥሩን ይዞ የሚዞረው ስላዘነ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት እሱን ይጠይቁት። እኔ ክላስ ውስጥ ድምጽና መብራት ችዬ ሪሴስ ስወጣ ማረፊያዬ ነበር፣ ሰው እየመጣ "ሂድ ተጫወት" ሲለኝ ነበር የማለቅሰው። ጓደኛ አልፈልግም ማለት ግን አልነበረም። "አይኑን እየው" ብለውም አያስገድዱት፣ እኔ አይን እያየሁ መስማት አልችልም።

*

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ አንተ፣ የጻፍከውን ሶስቴ አነበብኩት። ማታ አጠገቡ ጋደም ብዬ አጥሩ ጋ ምን እንደሚሰራ ጠየቅኩት። የአጥሩን ቋሚዎች ይቆጥራል ለካ፣ 112 ናቸው አለኝ። እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። ከዛ ዝም ብሎ ቆየና አንዲት ልጅ አንዳንዴ አብራው እንደምትቆጥር ነገረኝ፣ እሷ 111 ነው የምትለው፣ በሩ ጋ ያለውን ትዘላለች አለ። ስሟንም ነገረኝ። ነገ ጠዋት ለአስተማሪዋ ወረቀት እሰጣታለሁ፣ ለእናቷ እንድትልክልኝ።