ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የት እንደዋልን ማወቅ ይችላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ሹፍርና ስለሆነ ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፖሊስ ያለ ዳኛ ፈቃድ የስልኬን መገኛ ከቴሌ ኩባንያው እንዳይወስድ ይከለክላል? መኪናዬ ላይ መከታተያ ቢገጥሙስ? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ሄለን፦
ወንድሜ፣ በመኪናው ልጀምር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በጆንስ ጉዳይ፣ መኪና ላይ ጂፒኤስ ገጥሞ መከታተል ያለ በቂ ምክንያት ከሚደረግ ብርበራ በሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ መሠረት ብርበራ መሆኑን ዘጠኙም ዳኞች በተስማሙበት ውጤት ወስኗል። ፖሊስ ማዘዣ አውጥቶ ነበር፤ ማዘዣው ግን መሣሪያው በ10 ቀን ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ እንዲገጠም የሚያዝ ሲሆን፣ የተገጠመው በ11ኛው ቀን ሜሪላንድ ውስጥ፣ መኪናው በሕዝብ ማቆሚያ ቆሞ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ተጠርጣሪውን 28 ቀን ተከታተሉት።

ዳዊት፦
ስልክን በተመለከተ ዋናው ውሳኔ የ2018ቱ የካርፔንተር ጉዳይ ነው። መርማሪዎቹ ከቴሌ ኩባንያዎቹ የ127 ቀን መረጃ፣ ማለትም ተከሳሹ ካርፔንተር የነበረባቸውን 12,898 ነጥቦች ያገኙት ያለ ብርበራ ማዘዣ፣ ከዚያ በቀለለ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። አንድ ሰው በፈቃዱ ለሌላ ወገን የሰጠው መረጃ ጥበቃ የለውም የሚለው የቆየ መርሕ እዚህ አልሠራም፤ ምክንያቱም ስልክ ከታወር (ከኔትወርክ ማማ) ጋር የሚገናኘው ባለቤቱ ምንም ሳያደርግ ነው። 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ዋና ዳኛ ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ፣ 7 ቀንና ከዚያ በላይ የሚሸፍን የቆየ የታወር መረጃ ለመውሰድ በመርሕ ደረጃ ማዘዣ እንደሚያስፈልግ ተደነገገ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ጊዜ ሳይኖር ግን ማዘዣ ሳይጠበቅ ሊወሰድ ይችላል። ከ7 ቀን በታች የሆነው በዚያ ውሳኔ እልባት አላገኘም፤ በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፣ የአንድ ቀን ውሎ ብቻውን የሰውን ሕክምና፣ ጸሎትና ወዳጅነት ሊገልጥ ይችላልና።

ሄለን፦
አንድ ነገር ልጨምር። ካርፔንተር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢረታም ከእስር አልወጣም። መርማሪዎቹ በጊዜው በነበረው ሕግ በቅን ልቦና ሠርተዋል ተብሎ ማስረጃው ተቀባይነት ስላገኘ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2019 የጥፋተኝነት ውሳኔውን አጽንቶታል። ሌላው፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ያስፈተሸው ስልክ ማዘዣ አያስፈልገውም። መንገድ ላይ «ስልክህን እስቲ ልየው» ሲባሉ በትሕትና «አልፈቅድም፣ ጠበቃ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት መብትዎ ነው።