በየመስከረሙ «እንደ አዲስ» መቀጠር፦ የግል ትምህርት ቤት መምህራን የአሥር ወር ውል በሕግ ይጸናል?

መምህርት ከሽምብጥ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ስድስት ዓመት ሞላኝ። ውላችን በየዓመቱ ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30 ተብሎ የሚፈረም በመሆኑ የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ የለንም፤ መስከረም ሲጠባ የሚቀርብልን አዲስ ውል ደግሞ የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ እንደገና ተጽፎበት ይመጣል። ሥራው ግን ሰኔ 30 አያበቃም። ዘንድሮ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ጨርሼ የተማሪዎቼን ካርድ ለወላጆች ያስረከብሁት ሐምሌ 5 ቀን ነው፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይም ለምዝገባ ተጠርተን ያለ ክፍያ አንድ ሳምንት ሠርተናል። ክረምቱን ዲያስፖራ ሰፈር ድረስ በዝናብ እየተመላለስሁ ልጆች በማስጠናት ነው የቤት ኪራዬን የምከፍለው። ኃላፊያችንን ስንጠይቅ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ትምህርትን ከሥሩ ስላወጣው እናንተን አይመለከትም» የሚል መልስ ተሰጠን። የመንግሥት መምህራን የክረምት ደመወዝ ሲያገኙ እኛ የምንተዳደረው በየትኛው ሕግ ነው?

የሥራ ክርክር ጠበቃ፦

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የራሳቸውን ሲቪል ሰርቪስና የሥራ ሁኔታውን በሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠ ሲሆን፣ በግል ትምህርት ቤት የተቀጠሩት እርስዎ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ይወድቃሉ። ኃላፊዎ የጠቀሱት ነገር በአዋጁ አንቀጽ 3 ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከአዋጁ የወጣው አንድን ሰው ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረግ ውል ነው፤ ማለትም የሚማረውን ሰው የሚመለከት እንጂ ደመወዝ ተቆርጦለት የሚያስተምረውን አይደለም። ይህን የተሳሳተ ንባብ ከብዙ መምህራን ስለሰማሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። አሠሪዎች ዘወትር የሚጠጉት በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት እየተደጋገመ የሚሠራ የወቅት ሥራን በሚፈቅደው ክፍል ነው። በእኔ እምነት የመደበኛ ትምህርት መምህርነት የትምህርት ቤቱ ቋሚ ሥራ ነው፤ ያለ መምህር ትምህርት ቤት የለምና። የሐምሌ 5ቱ ካርድና የነሐሴው ምዝገባም ሥራው ወቅቱን ተሻግሮ እንደሚቀጥል ያሳያሉ። የሙከራ ጊዜው ጉዳይ ግን የሚያከራክር አይደለም፤ በአንቀጽ 11 መሠረት ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ተመልሶ የተቀጠረ ሠራተኛ እንደገና አይሞከርም።

የክረምቱ ደመወዝ ከዚህ ይከብዳል። አዋጁ በመርሕ ደረጃ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ስለሚል፣ ሁለቱን ወር ሙሉ ለማስከፈል ክርክር ያስፈልጋል። ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ የሠሩባቸው ቀናት ክፍያ ይገባዎታል፤ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበት ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ የዓመት ፈቃድም አለዎት። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ይርጋ (ክስ ለማቅረብ በተወሰነ የጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ አይዘግዩ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ሒሳብ ሹም ከጣና ዳር፦

በሌላ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ስለምሠራ የአሠሪውንም ችግር አውቀዋለሁ። ከወላጅ የምንሰበስበው የ10 ወር ክፍያ ነው፤ ክረምት ላይ ገቢ የለም፤ ካዝናው በእውነት ይራቆታል። እኛ ጋ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረን የዓመቱን ደመወዝ ለ12 ወር አከፋፍለን ውሉን ቋሚ አደረግነው። የወር ደመወዙ ስላነሰ መጀመሪያ ቅሬታ ነበር፤ ሆኖም መስከረም ላይ መምህር ፍለጋ መሯሯጡ ቀርቶልናል። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ የለኝም ካለ ይህን መንገድ አቅርቡለት።

ጡረተኛ መምህር፦

ዘጌ ሳስተምር ደመወዜን ባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሬ ብቀበልም ሐምሌና ነሐሴ ተቋርጦብኝ አያውቅም፤ የዚህ ጥቅም የገባኝ ጡረታ ስወጣ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። ልጄ፣ በየዓመቱ ሁለት ወር መዋጮ ካልገባልሽ በስድስት ዓመት 12 ወር ጎድሎ 72 መሆን የነበረበት 60 ብቻ ሆኗል ማለት ነው። የዕድሜ ጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሚጠየቅ፣ በዚህ አያያዝ አሥሩን ለመሙላት 12 ዓመት ያስፈልግሻል። ከደመወዙ በፊት የመዋጮ መዝገብሽን አጣሪ።

መምህርት ከሽምብጥ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጡረታውን ነገር ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር። ከስድስቱ ውሎች ቅጂ ያለኝ የአራቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አስፈርመው ቅጂ አልሰጡንም። ሐምሌ 5 የተጻፈበትና የእኔ ፊርማ ያለበት ካርድ ፎቶ ግን ከአንድ ወላጅ አግኝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር የመዋጮ መዝገባችንን እናወጣለን፤ የ12 ወሩን አከፋፈልም ከክሱ በፊት በጽሑፍ ለአስተዳደሩ እናቀርባለን።