በአደባባይ ጠብ ሲነሳ መንገደኛ ገብቶ መገላገል አለበት ወይስ የለበትም?

ጠያቂው፦ ሁለት ሰዎች በአደባባይ ተናንቀው ያየ መንገደኛ ገብቶ መገላገል አለበት ወይስ ፖሊስ ጠርቶ ርቆ መቆሙ ይበቃዋል? በእኔ እምነት መገላገል የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው። ሰው እየተደበደበ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ማየት ያሳምመኛል።

ነርሷ፦ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም አልስማማም። በድንገተኛ ክፍል ስሠራ በጠቡ ምንም የሌሉበት ገላጋዮች ተጎድተው ሲመጡ አይቻለሁ። አንድ ምሽት የተቀበልነው ወጣት ያረፈበት አንድ ቡጢ ብቻ ነበር፤ ደም አልፈሰሰውም፣ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» እያለም ይለምነን ነበር። ነገር ግን ሲወድቅ ጆሮ ግንዱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ስለነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ንግግሩ ተሳሰረ፣ የአንድ ዓይኑ ብሌንም ሰፋ። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሲጠራቀም ሰው ለጥቂት ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይቆይና በድንገት ራሱን ይስታል። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሰክሮ ሰው መትቶ የገደለ ቢያንስ 8 ዓመት እንዲታሰር የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በአንድ ቡጢ የሚጠፋ ሕይወት ስላስጨነቃት ነው። እንግዲህ ማንን ግባ እንበል?

የሕግ ባለሙያው፦ አንዳንዶች «ገላጋይም አብሮ ይከሰሳል» እያሉ የሚሸሹት ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምሳሌ የስዊዘርላንድ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 133 ሰው በሞተበት ወይም በቆሰለበት አምባጓሮ የተካፈለውን ሁሉ ይቀጣል፤ ራሱን ብቻ የተከላከለውንና ሌሎችን ለመለየት ብቻ የገባውን ግን ከቅጣት ነፃ ያደርጋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኅቴ፣ የገለጹት ጉዳት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን መራቅ አይመስለኝም። ተመልካች በበዛ ቁጥር ሁሉም «ሌላው ይገባል» ብሎ ይቆማል የሚለው አስተሳሰብ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊና ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተሙት የላቦራቶሪ ሙከራ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ሙከራው ግን የጠብ ሳይሆን በድንገት የታመመ ሰው ድምፅ የሚሰማበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ በእንግሊዟ ላንካስተር፣ በአምስተርዳምና በኬፕ ታውን ካሜራዎች የተቀረጹ 219 የአደባባይ ግጭቶችን ሲመረምር፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ እንደነበር፣ ሰው ሲበዛም የሚገባ የመገኘቱ ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት ስለ አገባቡ ነው። አብዛኛው ገላጋይ የሚሳሳተው አንዱን ብቻ ከኋላ አቅፎ ሲይዝ ነው፤ እጁ የታሰረው ሰው ፊቱን ለባላጋራው ቡጢ ሰጥቶ ይቀራል፣ ከዚያም ገላጋዩን ራሱን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ሁለትና ሦስት ሆኖ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ወደየጎናቸው መሳብ፣ የሚያውቋቸው ካሉም በስማቸው መጥራት ይሻላል።

ነርሷ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ስለት ወይም ጠርሙስ ከወጣ ግን ማንም አይግባ። የወደቀውንም ቢሆን ተነሥቶ ስለተናገረ ብቻ ለብቻው ወደ ቤቱ አትስደዱት።

ጠያቂው፦ ስለቱን በተመለከተ ሐሳብዎን ተቀብያለሁ። የሚቀርጹትን በተመለከተ ግን አሁንም አልተመለሰልኝም፤ ከአሥር ቀራጮች አንዱ ለማስረጃ ቢቀር፣ ዘጠኙ ምን ይጠብቃሉ?