ገዳማውያን ያለ ኖራ ብራና እንዴት አዘጋጁ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ የሥዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ለትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ አንድ ቅጠል ብራና ራሳቸው ፍቀው ሐረግ (የብራና መጻሕፍትን ገጽ የሚያስጌጥ ሥዕል) ሊሥሉበት ተነሥተዋል። የአውሮፓ መነኮሳት ቆዳውን በኖራ ውኃ ይዘፈዝፉ፣ ሥዕሉንም በስስ ወርቅ ያስጌጡ ነበር፤ የእኛ ገዳማት ግን ያለ ኖራ ሥራውን እንዴት እንደ ሠሩትና ከሉካንዳ የፍየል ቆዳ ብናገኝ ከየት እንደምንጀምር የምታውቁ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

ቁም ጸሐፊ፦ መምህር፣ ዋናው ልፋት ያለው ፍቂያው ላይ ነው። ቆዳው ለጥቂት ቀናት በንጹሕ ውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ዳር ዳሩ ተበስቶ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይወጠራል፤ በቅድሚያ የሥጋው ወገን ስቡ እስኪጠፋ ድረስ ይፋቃል፣ እንደ ተወጠረም ከደረቀ በኋላ ጠጉሩ በስለት ተላጭቶ ገጹ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። የኖራው ጥቅም ጠጉሩን ማላቀቅ ስለ ሆነ፣ እዚህ የእርሱን ሥራ ስለቱ ይሠራዋል። ስብ የቀረበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። ደግሞም በክረምት ባትጀምሩት ይሻላል፤ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይሸበሸባል፣ ሐዋሳም የሐይቅ ዳር ከተማ ናት።

የታሪክ ተማሪ፦ ስለ ቀለሙ ጥቂት ልጨምር። አውሮፓውያን ብዙውን ጊዜ በኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭና ከብረት ጨው የተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ሲጠቀሙ፣ የእኛ ጸሐፍት ጥቀርሻና ያረረ እህል በጥብጠው በመቃ ብዕር ይጽፉ ነበር። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስሞችና ለምዕራፍ መክፈቻ የተለየ ነው። ከጽሕፈቱ በፊት ቅጠሉ በወስፌ ይበሳና መስመሩ ያለ ቀለም በደነዘ ጫፍ ይሰመራል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኔ ግን ከሐረጉ ይልቅ የማደንቀው ይህን ነው። ወርቅ ከቶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም፤ ለዐፄ ዳዊት (1382–1413 እ.ኤ.አ.) በተጻፈው ተአምረ ማርያም ላይ ይታያል። የብራና መጻሕፍታችንን ዕድሜ በተመለከተ፣ ዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ተመድበዋል።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠጉሩ የነበረበት ወገን ትንሽ ጠቆር ቢል ችግር አለው?

ቁም ጸሐፊ፦ የለውም፤ የሁለቱ ወገን ቀለም መለያየት ተፈጥሮው ነው። ቅጠሎች ለጥራዝ ሲደረደሩ የጠጉር ወገን ከጠጉር ወገን፣ የሥጋ ወገን ከሥጋ ወገን ጋር እንዲተያይ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ለአንድ ቅጠል ግን ሐረጉን በነጣው ወገን ይሥሉት።